በዓለም ሲኖሩ በእግዚአብሔር ጥበቃ ውስጥ ስለ መሆን

በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በዓል ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ የሕንፃውን ታሪክና የደከሙትን አባቶች ነገር ሌሎች በሚገባ ጽፈውታልና፥ እኔ ዘወትር በአፋችን ስለምናመላልሳት ስለ አንዲት ቃል ልናገር ወደድሁ። ይህችውም «እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ» የምንላት ቃል ናት። ማለዳ ከቤት ስንወጣ እንላታለን፤ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ስንሸኝ እንላታለን፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ስንሰነባበት እንላታለን። ነገር ግን ሰው አብዝቶ የሚናገረውን ቃል ሁልጊዜ አብዝቶ ያስበዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ በዚች ቀን ቆም ብለን ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንጠይቅ።

አስቀድሞ ስለ በዓላችን ስም ጥቂት ልናገር። ኢዮቤልዩ የሚባለው ነገር ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ቈጥረው 50ኛውን ዓመት ይቀድሱ ዘንድ ታዘዙ። በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን፥ በማስተስረያ ዕለት፥ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ራሱን ለባርነት የሰጠ ነፃ ይወጣል፤ ምድርም ሳትታረስና ሳትዘራ ታርፋለች። ሕዝቡም ካልዘራን ምን እንበላለን ብለው እንዳይጨነቁ፥ እግዚአብሔር በረከቱን አስቀድሞ እንደሚያዝዝላቸው ተስፋ ሰጣቸው። ምድሪቱም የእርሱ እንደ ሆነች፥ እነርሱም በእርሱ ዘንድ እንግዶች እንደ ሆኑ በዚያው ሕግ አስታወቃቸው።

እንግዲህ አስተውሉ። እግዚአብሔር እጠብቃችኋለሁ ባለበት በዚያው ምዕራፍ፥ ለባርነት የተሰጠውን ባልንጀራችሁን ልቀቁ አለ። ጥበቃውን ለብቻው፥ ምሕረቱን ለብቻው አላስቀመጠም። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ባልንጀራውን ለመልቀቅ አይፈራም፤ ባልንጀራውን አንቆ የያዘ ሰው ግን በአፉ ምንም ቢል በእግዚአብሔር ጥበቃ ገና አልታመነም። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ሥሩ ይህ ነው።

በቅኔ ቤት ስንማር መምህሮቻችን አንዱን ቃል አገላብጠን እንድናይ፥ ከሰሙ ሥር ያለውንም ወርቅ እንድንፈልግ ያስተምሩን ነበር። ጠበቀ የሚለውን ግሥ እንደዚሁ እንየው። ግእዝ በዚህ ስፍራ ሁለት ግሦች አሉት። ዐቀበ ማለት ከጉዳት ከለለ፥ ተንከባከበ ማለት ነው፤ ጸንሐ ማለት ደግሞ እስኪመጣ ድረስ በተስፋ ቈየ ማለት ነው። አማርኛችን ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዞአል። እረኛ ከብቱን ይጠብቃል፤ እናትም ልጇ ከመንገድ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ዘበኛ በር ይጠብቃል፤ ገበሬም ዝናም ይጠብቃል። ስለዚህ ክርስቲያን በአማርኛ «እግዚአብሔር ይጠብቀን» ባለ ጊዜ ሳያስበው ሁለት ጸሎት ይጸልያል። አንደኛው ከክፉ ነገር ይከልለን ማለት ነው፤ ሁለተኛው እስክንመለስ ድረስ ይታገሠን፥ ፊቱን ሳያዞር ይቈየን ማለት ነው። እኛ ፊተኛውን ጸሎት አብዝተን እንወደዋለን፤ ኋለኛውን ግን እንረሳዋለን። ነገር ግን በመጨረሻ እንደምናየው ሁለቱ የማይለያዩ ናቸው።

አንዳንድ ሰው በእግዚአብሔር ጥበቃ መኖር ማለት ከዓለም መራቅ ይመስለዋል። ጌታችን ግን በሐሙስ ሌሊት ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲጸልይ፥ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 17 እንደምናነበው፥ ከዓለም ያወጣቸው ዘንድ አብን አልለመነም፤ በዓለም ሳሉ ከክፉው እንዲጠበቁ ለመነ እንጂ። በገዳም የመነኑት አባቶቻችን እንኳ ዓለምን የተዉት ስለ ዓለም ሊጸልዩ ነው።

የእኛም ዓለም የታወቀ ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ በክብረ መንግሥት አልፎ ወደ ነገሌ የሚወርደው መንገድ ነው፤ የሊበን ሜዳ ነው፤ ገናሌና ዳዋ ወርደው በዶሎ አጠገብ ተገናኝተው የጁባ ወንዝ የሚሆኑበት ቆላ ነው፤ ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋ፥ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው የከብትና የግመል አገር ነው። በገበያችን ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና አማርኛ ባንድነት ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ አዛን በአንድ ከተማ ይሰማሉ። ከእኛ አንዳንዱ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ አንዳንዱም በወታደርነት፥ በንግድ ወይም በመንግሥት ሥራ ወደዚህ የመጣ ሰው ልጅ ነው። በእንደዚህ ያለ አገር የሚኖር ምእመን፥ እኛ ጥቂቶች ነንና አጥራችንን እናጥብቅ፥ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቅለታል ወደሚል ሐሳብ ሊያዘነብል ይችላል። አጥር ማጠር ነውር አይደለም፤ ለመቅደስ ቅጥር ይገባዋልና። ነገር ግን ቅጥር ሁሉ በር አለው። በር የሌለው ቅጥር ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ እስር ቤት ይሆናል።

ሌላው ሰው ደግሞ የእግዚአብሔርን ጥበቃ እንደ ክታብ አድርጎ ይቈጥረዋል። ጸሎቱን ደግሜአለሁና፥ ስለቴን አግብቻለሁና፥ እንግዲህ ክፉ ነገር ከቶ አያገኘኝም ይላል። ክፉ ነገር ባገኘው ጊዜ ግን ወይ እግዚአብሔር ከዳኝ ይላል፤ ወይም ጸሎቱ አልሠራም ብሎ ወደ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ነገር ወንጌል የሚያስደነግጥ ታሪክ ይነግረናል። ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀውን፥ ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ የተዘመረውን 90ኛውን መዝሙር፥ በጌታችን ፊት የጠቀሰው ማን ነበር? ፈታኙ ዲያብሎስ ነበር። በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ፥ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰው ያንኑ መዝሙር ነው። ጌታችንም መዝሙሩን ሐሰት ነው አላለም፤ ነገር ግን የአባቱን ጥበቃ መፈተኛና መታያ አላደረገውም። እንግዲህ ቃሉን በቃል መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ሰይጣንም በቃሉ እንደሚያውቀው እንወቅ። ልዩነቱ በመታመንና በመፈታተን መካከል ነው።

ይህን ነገር የገዛ አገራችን ታሪክ ያስረዳናል። በ1928 ዓ.ም.፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ በገናሌ ወንዝ በኩል በራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ላይ ዘመተ። የራስ ደስታ ወታደሮች ቍስለኞቻቸውን የሚያክምላቸው ከስዊድን አገር የመጣ የቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በመልካ ዲዳ ሰፍሮ ነበር፤ አለቃውም ፍሪዴ ሂላንደር የሚባል ሐኪም ነበረ። በድንኳኖቹ ላይ የመስቀል ምልክት ነበረባቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን ግን የጠላት አውሮፕላኖች መጥተው ያንኑ ሐኪም ቤት በቦምብ መቱት። በአልጋ የተኙ በሽተኞች ሞቱ፤ ከስዊድን ከመጡትም አንዱ ሞተ፥ ሐኪሙም ቈሰለ። በጥር ወር፥ በጥምቀት በዓል ሰሞን፥ ነገሌ በጠላት እጅ ገባች። ግራዚያኒም ከዚህ የተነሣ የነገሌ ማርኬዝ የሚል ማዕርግ አገኘ። በሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ ተይዘው ተገደሉ፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ታረዱ።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ እግዚአብሔር አልጠበቃቸውምን? በቤተ ክርስቲያን የሚነገር ቃል ይህን ጥያቄ ሸሽቶ ማለፍ አይገባውም። መልሱ እንደዚህ ይመስለኛል። እግዚአብሔር የወደደውን ሰው ከሞት አፍ የሚያወጣበት ጊዜ አለ፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን፥ ዳንኤልን ከአንበሶች አፍ አውጥቶአልና። የወደደውን ሰው በሞት ውስጥ የሚያሳልፍበት ጊዜም አለ፤ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግሮአልና። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የሚጠበቅ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰውዬው ከጌታው ያለው አንድነት ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝባቸውን አሳልፈው ቢሰጡ ሥጋቸው በዳነ ነበር፤ ነገር ግን መጠበቅ ያለበት ነገር በጠፋ ነበር። ጠላት ሥጋቸውን ወሰደ፤ እምነታቸውን ግን ሊወስድ አልቻለም። ግራዚያኒ ደግሞ ነገሌን ወሰደ፥ ስሟንም ለማዕርጉ ጌጥ አደረገ፤ በ1933 ዓ.ም. ግን ጣልያን ከዚህ አገር ተባረረ። ማርኬዙ አለፈ፤ ነገሌ ግን እነሆ አለች፥ በውስጧም የእግዚአብሔር ስም ይመሰገናል።

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ቢኖር፥ በቅርቡ ያየነውን ያስብ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረናና በጉጂ ቆላ፥ በሶማሌም አገር፥ አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው አልዘነቡም። የበልጉ ጋና ቀረ፤ የመጸዉም ሐጋያ ቀረ። እንደዚህ ያለ ድርቅ በ40 ዓመት ውስጥ አልታየም ተባለ። ላሞች በየመንገዱ ወደቁ፤ ከብት አርቢ የነበረው የተከበረ ሰው የእርዳታ እህል ለመቀበል ተሰለፈ፤ ብዙ ቤተ ሰብ ቀዬውን ትቶ ወደ መጠለያ ሄደ። በዚያን ጊዜ በየከተማው ሁለት ዓይነት ንግግር ተሰማ። አንዱ፥ እግዚአብሔር ይህን አገር ትቶታል የሚል ነበር። ሁለተኛው፥ ይህ ሁሉ የእነዚያ ሰዎች ኃጢአት ያመጣው ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከፋል፤ የኢዮብ ወዳጆች ንግግር ነውና፥ እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በወዳጆቹ ላይ ነው።

ጌታችንም ይህን አሳብ በግልጥ ነቅፎታል። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን ስለ ገደለበት ነገር ይናገራል፤ የሞቱት በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ካስረዳ በኋላ የሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሐ ጠራቸው። ወዲያውም ስለ በለስ ዛፍ ምሳሌ ተናገረ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት መጥቶ ፍሬ ስላጣባት ትቈረጥ አለ፤ አትክልተኛው ግን ዙሪያዋን ቈፍሬ ፍግ እስካደርግላት አንድ ዓመት ተዋት ብሎ ለመነ። እንግዲህ እዩ፤ ስለ ጠባቂነቱ የተነሣው ጥያቄ በትዕግሥቱ ተመለሰ። የዳነው ሰው ከሞተው ስለሚሻል የዳነ አይደለም፤ የተጨመረለት አንድ ዓመት አለ ማለት ነው እንጂ። ከድርቁ የተረፍን ሁላችን፥ ቤታችን ውሃ ያልጠፋበት፥ ደመወዛችን ያልተቋረጠ፥ በዚህ ቃል እንመርመር። የተጨመረልን ዓመት ምን አፈራ?

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ልግባ። እግዚአብሔር ሰውን የሚጠብቀው በብዙ መንገድ ነው፤ በመላእክት ይጠብቃል፥ በቅዱሳን ጸሎት ይጠብቃል፥ እኛ በማናውቀውም ምሥጢር ይጠብቃል። ነገር ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ በግልጥ ያዘጋጀው መንገድ ሰውን በሰው መጠበቅ ነው። አዳምን በገነት ያኖረው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ነፍሰ ገዳይ ቃየንም ወንድሙን በተጠየቀ ጊዜ የካደው ይህንኑ ሥራ ነው፤ የወንድሜ ጠባቂ አይደለሁም አለ። ስለዚህ ለባልንጀራዬ ጥበቃ አያገባኝም የሚል ሁሉ፥ ቢያውቅም ባያውቅም፥ የቃየንን ቋንቋ ይናገራል። በእግዚአብሔር ጥላ ሥር የሚኖር ሰው እርሱ ራሱ ለሌላው ጥላ ይሆናል፤ ጥላ የማይሆን ሰው ከጥላው ወጥቶ በፀሐይ ቆሞአል።

የዚህን ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ አንሂድ። ጎረቤቶቻችን ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች አሉአቸው፤ የታወቁት ዘጠኝ ናቸው። ጕድጓዱ እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ አንድ ሰው ብቻውን ውሃ ሊያወጣ አይችልም። ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ በተርታ ቆመው፥ እየዘፈኑ፥ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ያወጡታል። ከላይ ያለው የታችኛውን ካላመነ፥ የታችኛውም የላይኛውን ካላመነ ከብቱ አይጠጣም። የመጠጫውንም ተራ የሚያደላድል አባ ሂሬጋ የሚባል ሹም አለ፤ ጕልበተኛ ደካማውን ገፍቶ እንዳይጠጣ የሚጠብቅ እርሱ ነው። ይህን ስታዩ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት አላያችሁምን? ጸጋ ከላይ ይወርዳል፤ ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በመካከል ያለው ሰው ዕቃውን ለራሱ ቢያስቀር ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠማል።

ደግሞ በድርቅ ወይም በበሽታ ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ከየመንጋው ላም አዋጥቶ የሚሰጥበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ልማድ አላቸው። የተቀበለውም ሰው እንደ ለማኝ አይቈጠርም፤ እንደ ገና ቤቱን አቁሞ ከጎሳው ጋራ በክብር ይቀመጣል። ይህ ነገር ቀድሞ ካነሣነው ከኦሪቱ ኢዮቤልዩ ምን ያህል ይርቃል? ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ ሕግ ያልተሰጣቸው ሰዎች ከባሕርያቸው የሕግን ሥራ ሲሠሩ፥ ሕግ የተሰጣቸውን እንደሚያሳፍሩ አስተምሮአል። እኛ ወንጌል በእጃችን፥ ኪዳን በአፋችን ያለ ሰዎች፥ በዕድራችንና በሰንበቴአችን የወደቀውን ወንድም እንደዚህ እናነሣዋለንን? ወይስ ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመትከል ብቻ እንፈጥናለን?

ጌታችን ለአእዋፍ ስለሚደረገው ጥበቃ ሲናገር፥ በገበያ በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት ድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በአብ ዘንድ እንደማትረሳ አስተማረ። በሊበን ሜዳ ላይ፥ በነገሌ አጠገብ፥ አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ አለች። በዓለም ላይ በዚህ ሜዳና በጅግጅጋ አካባቢ ካልሆነ በቀር አትገኝም፤ ቍጥሯም ጥቂት ስለ ሆነ ከምድር እንዳትጠፋ ያሠጋል። ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ላይ አይደለም፥ በምድር ላይ በሣር ሥር ነው። ሣሩ ከልክ በላይ ሲጋጥ፥ ሜዳው በቍጥቋጦ ሲወረስ ወይም ሲታረስ ማደሪያ ታጣለች። አገሬውም ካሎ የሚለውን፥ ለክፉ ቀን ታጥሮ የሚቈይ የግጦሽ ስፍራ፥ ከአዋቂዎች ጋራ እየመከረ በሜዳው ላይ ከለለ። በዚያ ሣሩ ይነሣል፤ ለበጋ የሚሆን ግጦሽም ይገኛል፤ ወፊቱም ትጠለላለች። እንግዲህ ያችን ወፍ የጠበቃት ማን ነው? እግዚአብሔር ነው። በምን ጠበቃት? ሣሩን ዛሬ አልበላም፥ ለነገ ይቈይ ባለ እረኛ ነው። እዚህ ላይ ጠበቀ የሚለው ቃል ሁለቱም ትርጓሜ ይገናኛል፤ እረኛው ሣሩን የጠበቀው ጊዜውን በመጠበቁ ነውና።

ጠባቂ ሲጠፋ የሚመጣውን ነገርም ይህችው ከተማ አሳይታለች። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ በሰፈረው 4ኛ ብርጌድ ውስጥ የተራ ወታደሮች የውሃ ጕድጓድ መሳቢያ ተበላሸ፤ ምግባቸውም የከፋ ነበር። መኰንኖቹ ግን የራሳቸው ጕድጓድ ስለ ነበራቸው፥ ወታደሮቹ ከዚያ እንዲቀዱ ቢለምኗቸው ከለከሏቸው። ወታደሮቹም ተነሥተው አለቆቻቸውን ያዙ፤ ከአዲስ አበባ የተላከውንም ጄኔራል ይዘው ከሚበሉት ምግብና ከሚጠጡት ውሃ እንዲቀምስ አደረጉት። ነገሩ ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተላለፈ፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። ለዚያ ታላቅ ለውጥ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የወሎ ረኃብ፥ የኑሮ ውድነት፥ የመሬትም ጥያቄ ነበረ። ነገር ግን የመጀመሪያው የእሳት ፍንጣሪ የወጣው ከነገሌ፥ ከተከለከለ የውሃ ጕድጓድ ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ታውቃላችሁ። አንድ እንስራ ውሃ ለጠማው ሰው መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ጌታችን ግን ለትንሹ ሰው የተሰጠ ቀዝቃዛ ውሃ ዋጋውን እንደማያጣ ተናግሮአል። የተከለከለውም ውሃ እንደዚሁ ብድራቱ አይቀርም።

እንግዲህ እናጠቃልል። የእግዚአብሔር ጥበቃ ከዓለም የሚያወጣን አይደለም፤ በዓለም ውስጥ የሚያቆመን ነው። ክታብ አይደለም፤ ኪዳን ነው። ለእኛ ብቻ የተዘረጋ አጎበር አይደለም፤ በእኛ በኩል ወደ ሌላው የሚደርስ ጥላ ነው። እግዚአብሔር እኛን የጠበቀበት ዘመን ሁሉ እኛን ሲጠብቅ የቈየበት ዘመን ነው፤ ፍሬ እስክናፈራ፥ ወንድማችንን እስክናስብ ድረስ። ይህች ደብር በዚህ ቆላ መካከል እስከ ዛሬ ተጠብቃ ከኖረች፥ ለምን ተጠበቅሁ ብላ ልትጠይቅ ይገባታል።

ቃል ብቻ እንዳይሆን፥ በዚህ ኢዮቤልዩ ልናደርጋቸው የሚቻሉንን አራት ነገሮች ከአባቶቼ ካህናት እግር ሥር ሆኜ አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ በመካከላችን ያለውን ዕዳ እንፍታ። በዕድር መዋጮ ወደ ኋላ ቀርቶ ከሰው ተራ የወጣ ድኻ ካለ፥ ውዝፉ ተሰርዞለት ወደ ወንድሞቹ ይመለስ። ሁለት ቤተ ሰብ በአጥር ወይም በውርስ ተካስሰው ሳይነጋገሩ በአንድ መቅደስ የሚሰግዱ ከሆነ፥ የንስሐ አባቶች ያስታርቋቸው። ዕርቅ የሌለበት ኢዮቤልዩ መለከቱ የተነፋ፥ እስረኛው ግን ያልተፈታ ነው።

ሁለተኛ፤ ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ አናባክን። የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ሰፊ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ስለዚህ 300 ካሬ ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም የወረደ እንደ ሆነ፥ ፈስሶ የሚጠፋው ጥቂት ሲቀር፥ 6,000 ሊትር ያህል ነው። አሸንዳና ማጠራቀሚያ ካበጀንለት፥ ዝናም በሚዘገይበት ወር ለጸበልተኛው፥ ለአብነት ተማሪውና ለሚጠማው ጎረቤት ሁሉ ይሆናል። ውሃውም ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ ለለመነን ሁሉ ይሰጥ፤ እግዚአብሔር ዝናሙን ሲያዘንብ የሰው ለይቶ አላዘነበምና።

ሦስተኛ፤ የአብነት ተማሪዎችን እናስብ። ልጅ ከእናቱ ቤት ርቆ ንባብና ዜማ ለመማር በዚህ ሙቀት ሲኖር፥ እርሱን የሚጠብቀው የእናንተ እጅ ነው። ዛሬ በቍራሽ እንጀራ የምትጠብቁት ልጅ ነገ በመሥዋዕቱ ፊት ስለ እናንተ ይቆማል።

አራተኛ፤ በቅጥራችን ውስጥና ውጭ ዛፍ እንትከል። በደጋው አገር አባቶቻችን በየደብሩ ዙሪያ ደን ጠብቀው አቆይተውልናል። በቆላ ደግሞ ጥላ ከእንጀራ ቀጥሎ የሚፈለግ ነገር ነው። የአገሩን ሙቀት የሚችለውን ግራር ተክለን፥ ከፍየል ጠብቀን፥ ውሃ አጠጥተን ብናሳድገው፥ ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ከሥሩ ያርፋል። የአምላካችንንም ጥበቃ ከስብከታችን አስቀድሞ ከዚያ ጥላ ይማራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከእንግዲህ በደጀ ሰላሙ «እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ» ስንባባል፥ ቃሉ ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት ልባችን አንድ ነገር ይጨምርበት፤ እኔም እጠብቅሃለሁ ይበል። የቀረውን ወንድም እጠብቃለሁ፤ የደከመችውን እኅት እጠብቃለሁ፤ ጕድጓዱን፥ ሣሩን፥ ሰላሙን እጠብቃለሁ ይበል። ያን ጊዜ ምርቃታችን ልማድ መሆኑ ቀርቶ ጸሎት ይሆናል።

አባቶቻችንን በጦርነትና በድርቅ መካከል ያሻገረ አምላክ እኛንም ይጠብቀን። ዝናሙን በወቅቱ፥ ሰላሙን በየቀኑ ያውርድልን። በጠረፍ ያሉትን፥ በመንገድ ያሉትን፥ በመጠለያ የሚኖሩትን፥ ከብታቸውን አጥተው ከዜሮ የሚጀምሩትን ሁሉ ያስብልን። በሚመጣው ዘመን በዚህ ስፍራ የሚቆሙ ልጆቻችን፥ እነዚያ ሰዎች ተጠብቀው ነበር ብቻ ሳይሆን፥ እነዚያ ሰዎች ጠብቀውናል እንዲሉ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።